ጭምቱ ፀጉር አስተካካይ

«ምስኪን፣ አንድም ቃል አይገባትም» አለች እንቁላል ሻጯ ሲኒዎቹን እያለቀለቀች። «ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ እዚህ ኖራ እስካሁን ከአፏ የሚወጣው እሺና አመሰግናለሁ ብቻ ነው። ባሏስ ቢሆን መቼ ይናገር ነበር? አሁን ብቻዋን ምን ይውጣታል?»

«ልጅቷ አለችላት» አለች የትምህርት ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ፣ ሲኒውን ተቀብላ በፎጣ እያደረቀች።

«ልጅቷማ ከተማ ገብታ ተምራ፣ እዚህ ምን ልትሠራ ትመለሳለች? ቤቱን ለቀው ቢሄዱ ነው የሚሻላቸው። ለነገሩ የፊተኛዋ ክፍል ደህና የስልክ መጠገኛ ይወጣታል።»

ባሏን ከቀበረች አምስተኛ ቀኗን የያዘችው ሴት በሁለቱ መካከል ቆማ ቡናውን ከማንቆርቆሪያው ወደ ፔርሙስ ትገለብጥ ነበር። እጇ ንቅንቅ አላለም። ምስኪን የሚለውንም፣ የስልክ መጠገኛውንም ሰምታለች። የፔርሙሱን ክዳን አጥብቃ ዞር አለችና፣ እንቅልፍ ባጣ ፊቷ ላይ ፈገግታ ለመለጠፍ እየታገለች፦

«እሺ... አመሰግናለሁ... ስኳር?» አለች።

«አዎ፣ ስኳር! ስ-ኳ-ር! እዚያ ላይ!» አለቻት እንቁላል ሻጯ፣ ጆሮዋ የማይሰማ ይመስል ጮክ ብላ። ቀጥላም ወደ ጓደኛዋ ዞራ «አየሽልኝ?» አለች፣ ከልቧ እያዘነች።

ክፋት አልነበረባትም፤ ሴትዮዋን ያደከማትም ይኸው ነበር። ክፉ ቢሆኑ እኮ መጥላት ይቻል ነበር። እነዚህ ግን አምስት ቀን ሙሉ የከብታቸውንና የማሳቸውን ሥራ ጥለው እየመጡ፣ ወንበር እየተሸከሙ፣ ሲኒ እያጠቡ፣ በፊቷ ያሟት ነበር።

ቤቱ እንደ ባቡር የተቀጣጠለ ነው። መንገዱን የያዘችው ፊተኛዋ ክፍል የባሏ ፀጉር ቤት ናት። ከኋላዋ እሷ የሴቶችን ፀጉር የምታጥብበትና የምትሠራበት ጠባብ ክፍል አለ፤ ከዚያ ሳሎኑ፣ ከዚያ ኩሽናው። ለቀስተኛው የተቀመጠው ሳሎን ውስጥ ነው። በመስኮቱ በኩል የመንደሩ ሰዎች፣ በግድግዳው በኩል ደግሞ ከከተማ ሰባት ሰዓት በአውቶቡስ ተጉዘው የመጡት ዘመዶች ተደርድረዋል። ሁለቱ ወገኖች አንድ ሰው ሊያለቅሱ መጥተው ሁለት ሰው ያለቅሱ ነበር።

በመስኮቱ በኩል ያሉት ሟቹን የሚጠሩት ጭምቱ እያሉ ነው። «ጭምቱ እኮ ክፉ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም» ይላል የነዳጅ ማደያው ሰውዬ። «ክፉስ ይቅርና መቼ ደግ ቃል ወጣው?» ይለዋል ከጎኑ ያለው ገበሬ፤ ሁለቱም በሐዘን ቤት ደንብ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ይስቃሉ።

በግድግዳው በኩል የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ ከተማ ውስጥ ታክሲ የሚነዳው፣ ዓይኑ ቀልቶ በራሳቸው ቋንቋ ያወራል። «እኛ ቤት ስሙ ሬዲዮ ነበር። አስተማሪው ወሬ አበዛህ ብሎ ከክፍል ቢያስወጣው፣ ውጪ ዘበኛውንና ሁለት አርፋጆችን ሰብስቦ ክፍል ከፈተ። ዳይሬክተሩ ሲመጣ ዘበኛው እጁን አውጥቶ ጥያቄ እየጠየቀ ነበር!» ዘመዶቹ ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ ተናነቃቸው።

«ምን እያለ ነው?» ሲሉ ጠየቁ የመንደሩ ሰዎች ልጅቷን።

«አባቴ ወሬ ይወድ ነበር ነው የሚለው» አለች ልጅቷ በእነሱው ቋንቋ።

የመንደሩ ሰዎች አንገታቸውን በትህትና ነቀነቁ። ሐዘን ያናወዘው ሰው የሚለውን ሁሉ እንደሚቀበሉት ዓይነት አነቃነቅ ነበር።

እናትየው ፔርሙሱን ይዛ በሁለቱ መካከል ቆማ ቀረች። ሁለቱንም ሰዎች የምታውቀው እኔ ብቻ ነኝ ብላ አሰበች። ያገባችው ሬዲዮውን ነው፤ የሠራችው ከጭምቱ ጋር ነው።

ልጅቷ ወደ እሷ መጥታ ፔርሙሱን ተቀበለቻትና በጆሮዋ «እማዬ፣ ጽፌ ጨርሻለሁ፤ ነይ እይልኝ» አለቻት።

ነገ የሐዘኑ መጨረሻ ነው። መንደሩ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ እዚህ ሳሎን ተሰብስቦ ሟቹን ያስባል፤ ከቤተሰቡም አንድ ሰው ይናገራል። ልጅቷ እኔ እናገራለሁ ካለች ሦስተኛ ቀኗ ነው። በሴቶቹ ፀጉር መሥሪያ ክፍል ውስጥ፣ መታጠቢያው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው፣ እናትየው ወረቀቱን አነበበች። መምህር እንደነበረ፣ የመንደሩን ቋንቋ ከመዝገበ ቃላትና ከአሮጌ ጋዜጣ ብቻውን እንደተማረ ይላል። ከዚያ አንድ መስመር መጣ፦ «አባቴ በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ የተናገራችሁትን ሁሉ፣ አንድም ሳያመልጠው ይሰማ ነበር።»

«ይህቺን አውጫት» አለች እናትየው።

«እሷን ካወጣሁማ ምኑን ጻፍኩት?»

«ልጄ፣ አንቺ ዓርብ ትሄጃለሽ። እኔ ግን ቅዳሜ ይህን በር እከፍታለሁ። ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ ስትሰማቸው ለኖረች ሴት ማን ነው ራሱን ዝቅ አድርጎ ፀጉሩን የሚሰጣት?»

«አጎቴ እኮ እኛ ጋ ትምጣ እያለ ነው።»

«አጎትሽ ቤት ሄጄ ምን ልሁን? እንግዳ? እጄ ላይ ያለው ሥራ ይኸው ነው፤ ያለውም እዚህ ነው።»

«ታዲያ አባዬ እንደ ሞኝ ይቀበር?»

ባሏ ለመንደሩ ሞኝ የሆነበትን ቀን ታስታውሰዋለች።

ከዚህ በፊት ሌላ መንደር ነበሩ፤ ከዚህ ብዙ የማይለይ፣ ገበያው ረቡዕ የሚቆም። እዚያ ባሏ የተማረውን ቋንቋ እንደ አዲስ ልብስ ለብሶት ነበር የሚዞረው። አንድ ቀን ሁለት ወንድማማቾች መጡ። አንዱ ወንበሩ ላይ፣ ሌላው አግዳሚው ላይ ተቀምጠው፣ ሥራ ፍለጋ ሩቅ የሄደውን ሦስተኛ ወንድማቸውን እንዴት ከአባታቸው መሬት እንደሚነቅሉት ይመካከሩ ጀመር። ባሏ ወዳጅ ያፈራ መስሎት፣ ቶንዶሱን እያራገበ፣ በጠራ ቋንቋቸው «የሌለውን ወንድማችሁንማ ሳላየውም ላጫችሁት!» አላቸው።

ሁለቱ በመስታወቱ ውስጥ ተያዩ። ወንበሩ ላይ የነበረው ግማሽ ራሱ እንደተላጨ ተነሥቶ ወጣ። በግማሽ ፀጉሩ ገበያውን አቋርጦ ሲሄድ ያየው ሁሉ ምን ሆንክ ይለዋል፤ እሱም ይናገራል። ማታ ባሏ ያንን ግማሽ ራስ እያስታወሰ በሳቅ ፈረሰ። በሳምንቱ ግን አንድ ሰው አልመጣም። በወሩም አልመጣም። የሰማው ነገር ከቤት ቤት ይዞራል ተባለ፤ መጤ ነው፣ ምን ሊያደርግበት እንደሚሰማ ማን ያውቃል ተባለ። በሦስተኛው ወር ሳቁ ቆመ፤ ወንበሩንና መስታወቱን በጭነት መኪና ጭነው ወጡ።

እዚህ በገቡ በመጀመሪያው ቀን አንድ ሰውዬ በሩ ላይ ቆሞ «ቋንቋ ትችላለህ?» ሲል ጠየቀው። ባሏ አውራ ጣቱንና ጠቋሚ ጣቱን አቀራርቦ «ትንሽ... ትንሽ» አለ። ሰውዬው እፎይ ብሎ ገብቶ ተቀመጠ፤ ስለ ሚስቱ፣ ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ ኩላሊቱ ሆዱን ገልብጦ አወራ። ሲወጣ ወንድሙን እንደሚልክ ነግሮት ሄደ።

«ምን ሆነህ ነው?» አለችው ምሳ ላይ።

«ጆሮ ያለው ፀጉር አስተካካይ አይፈልጉም። እኔም ጆሮዬን አወለቅሁት።»

«እኔስ?»

ቀና ብሎ አያት። ያ አስተያየት አሁንም አንጀቷን ይበላታል። «አንቺም» አላት።

ከዚያ ወዲህ ቀን ቀን ጭምት፣ እራት ላይ ሬዲዮ ሆነ። ምግቡ እስኪቀዘቅዝ ያወራል፤ ስለ ዓለም ፖለቲካ፣ ስለ ልጅነቱ፣ ስላነበበው። እሷ ቀን ላይ የታፈነው ሁሉ ማታ እየገነፈለ ነው ብላ ታዳምጠዋለች።

ልጅቷ ነገሩን ያወቀችው በዐሥር ዓመቷ ነው። እስከዚያ ድረስ ለአባቷ የምታስተረጉመው እሷ ነበረች። የክፍል ኃላፊዋ ወላጅ አስጠርቶ «ለአባትሽ ንገሪው፤ ክፍል ውስጥ ወሬ ታበዣለሽ» ሲላት፣ ወደ አባቷ ዞራ «ጎበዝ ናት ነው የሚለው» አለች። አባቷ በጣም አክብሮ «አመሰግናለሁ» አለ። ቤታቸው በር ላይ ሲደርሱ ጫማውን እያወለቀ «ጎበዝ ያለሽ ወሬሽን ጨምሮ ነው ሳይጨምር?» አላት። መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች። «ታዲያ ለምንድነው እንደ ሞኝ የሚያናግሩህ?» አለችው፤ ሦስት ዓመትም ፀጉር ቤቱ ውስጥ እግሯን አላስገባችም። ከመንደሩ ይልቅ በእሱ ነበር የተቀየመችው።

«አላወጣትም» አለች ልጅቷ አሁን ወረቀቷን አጥፋ። «ካልፈለግሽ ጭራሽ አልናገርም። ግማሹን ግን አልናገርም።»

ከሰዓት በኋላ ሰው ስለበዛ እናትየው ወንበር ልታወጣ ወደ ፊተኛዋ ክፍል ሄደች። ሁለት አንሥታ ስትዞር ባለወፍጮው በሩ ላይ ቆሟል። ስድሳ አምስት ዓመት የሞላው፣ ትከሻው ሰፊ፣ ከጆሮና ከማጅራቱ በቀር ራሱ ላይ ፀጉር የሌለው ሰው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ማንም ሳይቀድመው የሚመጣው እሱ ነበር። በእነዚህ አምስት ቀናት ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ አንድም ሳይናገር ይውልና መጨረሻ ላይ ይወጣል።

«ላግዝሽ» አለና ወንበሮቹን ተቀበላት። አልሄደም ግን። በሩን መለስ አደረገው።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። ባይገባሽም ግድ የለም፤ ብቻ ልጠይቅሽ። ይሰማኝ ነበር?»

ልማዷ የሆነው ትንሽ... ትንሽ ምላሷ ላይ መጥቶ ቆመ። እሱ ወንበሮቹን መሬት አስቀምጦ፣ ማንም የማይሰማው ሰው እንደሚናገረው፣ ወደ መስታወቱ እያየ ቀጠለ።

«ሚስቴ ልትሞት ስትል እህቴን ጥራልኝ አለችኝ። እህቷን ታውቂያታለሽ፤ ኩሽናሽ ውስጥ ያለችው እንቁላል ሻጯ ናት፤ ያኔ ራቅ ያለ መንደር ነበረች። እኔና እሷ ተጣልተን ነበር፤ ምክንያቱም ዛሬ የማይረባ ነው። ልኬባታለሁ፣ እየመጣች ነው አልኳት። አልላክሁም። ሦስት ቀን በሩን እያየች ሞተች። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ለእሱ እዚህ ወንበር ላይ ሆኜ ነገርኩት። ማጅራቴን እየላጨኝ ነበር። ምላጩ ቆመ። እስክጨርስ ድረስ አልተንቀሳቀሰም። ያልገባው ሰው እኮ ሥራውን ይቀጥላል።»

«ከዚያስ?» አለች እሷ። ቃሉ እንደ ማንኛውም የመንደሩ ሰው ቃል ሙሉና ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ባለወፍጮው ቀስ ብሎ ዞረ፤ ግን አልደነገጠም።

«ከዚያማ በሚቀጥለው ቅዳሜ ልቀር ነበር። እግሬ አመጣኝ። እሱ ግን እንደ ወትሮው፦ ከጎን... ትንሽ? አለኝ። በቃ። ዘጠኝ ዓመት ተመላለስኩ።»

«ሁሉንም ይሰማ ነበር» አለች። «ከእኔና ከልጄ ይልቅ ቋንቋችሁን እሱ ነው የሚያውቀው።»

ባለወፍጮው ግንባሩን ዳሰሰ። «እንግዲህ ለአንቺም ነግሮሻል። አምስት ቀን ሙሉ ፊትሽን ሳይ የነበረው ለዚህ ነው። እሷንም፣ አንቺንም አንድ ኩሽና ውስጥ ሳያችሁ...»

«አልነገረኝም።»

«ምንም?»

«ስለ እርስዎ የነገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከጆሮዎ ጀርባ ያለው ፀጉር ቶሎ ያድጋል ብሎኛል።»

ከሽማግሌው ጉሮሮ ሳቅ የሚመስል ነገር ወጣ፤ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ አድርጎ ትንሽ ቆየ። እሷም የመስታወቱን ጠርዝ ይዛ ቆመች። ዐሥራ አራት ዓመት እራት ላይ ያዳመጠችውን ሁሉ በአሳቧ እያገላበጠች ትፈልግ ነበር። ስለ ጨረቃ ያወራት ነበር፣ ስለ ጦርነት፣ ስለ ዘበኛው። አንድ ቀን እንኳ እገሌ ወንበሩ ላይ እንዲህ አለ ብሎ አያውቅም። ያን ሁሉ የምታየው ወሬ አድርጋ እንጂ፣ ከሥሩ ያልወጣ ነገር አለ ብላ ጠይቃም አታውቅም። ሁለቱንም ሰዎች አውቃቸዋለሁ ባለች በዚያው ቀን፣ ጭምቱ ለእሷም ጭምት እንደነበር ከባለወፍጮ አፍ ሰማች።

«ነገ ልጄ ልትናገረው ነው፤ ይሰማ እንደነበር» አለችው። «ላስቀራት?»

«እኔን አትጠይቂኝ እህቴ። ሰው ይደነግጣል። ይቆጣልም። እኔ ራሴ ያን ቀን ልቆጣው ፈልጌ ነበር።» ወንበሮቹን አነሣ። «የማልመጣ መስሎሽ እንዳትሰጊ ግን። ነገ እመጣለሁ።»

ልጅቷን ኩሽና በር ላይ አገኘቻት። «አታውጫት» አለቻት በቋንቋቸው። «ከሥሯ ግን አንድ ጨምሪ። የሰማውን ለእኛም አልነገረንም በይ።»

ልጅቷ አፍ አውጥታ ልትጠይቅ ብላ ቆመች። እሷም ታሰላስል እንደነበር ከዓይኖቿ ያስታውቃል። «እውነት ነው» አለች በመጨረሻ፣ ቀስ ብላ። «ለእኔም አንድ ቀን አልነገረኝም።» እዚያው በሩ ላይ ወረቀቱን ግድግዳ አስደግፋ ጻፈች።

በማግስቱ አራት ሰዓት ላይ ሳሎኑ ጢም አለ። ልጅቷ ቆማ ስታነብ መጀመሪያ ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ፤ መምህር ነበር ስትል ተረጋጋ። በመስኮቱ በኩል ያሉት አንገታቸውን እየነቀነቁ ይሰሙ ነበር። ያቺ መስመር ስትደርስ ነቅናቂው ሁሉ ባለበት ቆመ። ሰው በየራሱ ወደ ኋላ ሲቆጥር፣ የትኛው ቅዳሜ ምን እንዳለ ሲፈልግ ይታይ ነበር። «የሰማውን ግን» አለች ልጅቷ፣ «ለእናቴም ለእኔም አንድ ቀን አልነገረንም። እናንተ ጭምቱ ያላችሁት እውነታችሁን ነው።»

የነዳጅ ማደያው ሰውዬ ሲኒውን ወለሉ ላይ አስቀምጦ ተነሣ። «ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ!» አለ ለማንም ሳይሆን፤ ወጣ። ከኋላው ሁለት ገበሬዎች ተከተሉት። አንዲት ሴት ሕፃን ልጇን አቅፋ፣ እንዳይታወቅባት በግድግዳው ጥግ ጥግ ሄደች። የቀሩት ቀሩ፤ እነሱም ቢሆኑ ወለሉን ነበር የሚያዩት። ባለወፍጮው ከቦታው አልተነሣም። ቀና ብሎ በግድግዳው በኩል ያለውን የሟቹን ወንድም «የዘበኛውን ነገር እንደገና ንገረን» አለው፤ ልጅቷ አስተረጎመች። ወንድምየው ግራ ገብቶት ጀመረ። በዚህኛው ጊዜ በመስኮቱ በኩል አንድ ሁለት ሰው ሳቀ።

ሲበተኑ እንቁላል ሻጯ ሻርፗን እያሰረች ወደ ሴትዮዋ መጣች። ፊቷ በርበሬ መስሏል።

«አንቺም?»

«እኔም።»

«ኩሽና ውስጥ ያልኩትን...»

«ሰምቻለሁ።»

እንቁላል ሻጯ የሻርፑን ጫፍ ፈታች፣ መልሳ አሰረች። «ቅዳሜ ፀጉሬን ልታጥቢኝ ቀጥረሽኝ ነበር።»

«አዎ፣ ሦስት ሰዓት ላይ።»

«እንግዲህ...» አለች፤ «እንግዲህ ልየው።» ሄደች። ሴትዮዋ ከኋላዋ እያየቻት፣ በሩን እያየች ስለሞተችው የእንቁላል ሻጯ እህት የምታውቀውን አሰበች፤ ባሏ ተሸክሞት የኖረው ክብደት አሁን ወደ እሷ መዞሩ ገባት።

«ምን አለችሽ እትዬ?» አለ የባሏ ወንድም።

«ልየው አለች።»

«ታዲያ ከእኛ ጋር አትመጪም?»

«ቅዳሜ ቀጠሮ አለኝ» አለች።

የተበደሩትን ወንበር ለመመለስ ዘመዶቹ ሲወጡ፣ እሷ የራሷን ሁለት ወንበሮች ይዛ ወደ ፊተኛዋ ክፍል ገባች። ሐሙስ ቀትር ላይ ለምሳ ጠርታው ሳይመጣ ከቀረ ወዲህ ክፍሏን ያጸዳት የለም። ደንበኛ አንገት ላይ የሚታሰረው ነጭ ጨርቅ በወንበሩ መደገፊያ ላይ ተንጠልጥሏል። ብድግ አደረገችውና እንደ ዘወትሩ ልታራግፈው ወደ መንገዱ በር ሄደች፤ በሩን በክርኗ ከፈተች። ብርሃን ሲነካው እጥፋቶቹ ውስጥ አጫጭር ሽበት አየች። የማን እንደሆነ አታውቅም፤ የባሏ መቀስ የመጨረሻ ሥራ ነበር። በመንገዱ ማዶ የሚያልፉ ሰዎች አይተዋት ፍጥነታቸውን ጨመሩ። እሷ ጨርቁን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ትንሽ ቆየች። ከዚያ አንድም ፀጉር እንዳይወድቅ ጠርዞቹን ወደ ውስጥ መልሳ፣ አጠፈችው፤ ደግማ አጠፈችው፤ በሩን ግን አልዘጋችውም።